እጅ ወደ ኋላ

ወንበሩ ጥሩ ወንበር ነበር። መደገፊያው ሰፊ፣ መቀመጫው ሲቀመጡበት የሚያሰምጥ፣ ክንዱ በቡናማ ጨርቅ የተለበጠ። የለበጠችው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። አባቷ ወደ ቤቷ ሊገቡ ነው በተባለ ጊዜ፣ የደንበኞቿን ልብስ ወደ ጎን አድርጋ፣ ለራሷ ኮት ብላ ያስቀመጠችውን ጨርቅ ቆረጠችበት። ወንበሩን መስኮቱ ሥር አኖረችው። ከዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው መንገዱን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ፣ በግቢው ጥግ የቆመችውን የውሃ ቧንቧ ያያል።

ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ወንበሩን ነው። ቀጥሎ አባቷን ያያል። ያኔ ይህን ነገር ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። በየሰው ጓዳ ተንበርክከው፣ ከማጠቢያ ሥር በጀርባቸው ተኝተው፣ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር አውጥተው ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣቸው። ክርናቸው ተላጠ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልደረሰባቸውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ይህን ስትሰማ ነፍስ አልቀረላትም። በማግሥቱ ልብሳቸውንና የሥራ ሳጥናቸውን አስጭና ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ሳጥኑን አልጋ ሥር ገፋ አደረገችው።

«ከእንግዲህ የእርስዎ ሥራ ማረፍ ነው» አለቻቸው። «ሠርተዋል፤ አሳድገዋል። አሁን ተራው የእኛ ነው።»

ይህን አነጋገር የሚነቅፍ ሰው አይገኝም። አብዛኞቻችን ለወላጆቻችን ብለነዋል፤ ያላልነውም አንድ ቀን ለማለት እንመኛለን።

ቃሏንም አላጠፈችም። ጠዋት ጫማቸውን የምታደርግላቸው እሷ ናት። ሸሚዛቸውን ትቆልፋለች፤ ሻያቸውን አማስላ እጃቸው ላይ ታስቀምጣለች። ከወንበሩ ብድግ ለማለት ወገባቸውን ሲነቀንቁ የስፌት መኪናዋን ትታ ትሮጣለች። ምን እንደፈለጉ ትጠይቅና መነጽር ከሆነ መነጽር፣ ውሃ ከሆነ ውሃ ታመጣለች። ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ብብታቸው ሥር ገብታ፣ ተሸከመቻቸው ቢባል ይቀላል፣ ታደርሳቸዋለች። መጀመሪያ አካባቢ አባትየው ይቃወሙ ነበር። እግር እንዳላቸው፣ እጃቸውም እንዳልተቆረጠ ይነግሯት ነበር። እሷ ትስቃለች። ሽማግሌ ሲቆጣ ደስ ይላል እያለች ለደንበኞቿ ታወራለች። ቀስ በቀስ መቃወሙን ተዉት።

ሰፈሩ አመሰገናት። ከሁሉ አብልጣ ያመሰገነቻት ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቋ ናት። ባለሱቋም አሮጊት እናት አለቻት። እናቲቱ ከሱቁ ጓሮ ባለች ጨለም ያለች ክፍል አልጋ ላይ ይውላሉ። ባለሱቋ በዚህ ትኮራ ነበር።

«ጧሪ ማለት አንቺ ነሽ» ትላለች ለልብስ ሰፊዋ። «እኔም እናቴን እንዲሁ ነኝ። ውሃ እንኳ የምትጠጣው ከእጄ ነው። የዘንድሮ ልጅ ግን የት ይህን ያውቃል? ወላጁን ሱቅ ይልካል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ምስጋና የማይጠላ ሰው ምስጋናን ይለምዳል፤ የለመደውንም ማጣት ይፈራል።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀልድ ይወዳል፤ ነገር ሲከብደው በቀልድ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን ራት ላይ ሚስቱ ዳቦ እየቆረሰች ለአባቷ ስታጎርስ ደጋግሞ ተመለከታትና፣ ጋራዥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆመ አውቶቡስ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለች።

«ጎማው በቆመበት ይሞታል። ባትሪው ይጨርሳል። ማንም ሳይነካው ነው የሚበላሸው» አላት።

«አባቴን ከአውቶቡስ ጋር አታመሳስል።»

«እኔማ አውቶቡሱን ነው ከሳቸው ጋር ያመሳሰልኩት። ጋሼ፣ አልተቀየሙኝም አይደል?»

አባትየው ፈገግ አሉ። ለብዙ ጊዜ ከፊታቸው የታየው የመጨረሻ ፈገግታ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በዝግታ ስለመጣ ማንም አልደነገጠም። አባትየው ቀኑን መጠየቅ አቆሙ፤ ለሳቸው ማክሰኞም እሑድም ያው ወንበር ነው። ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፤ ሌሊት ይነቃሉ። ጥያቄ ሲጠየቁ መልሱን ልጃቸው ትመልሳለች፤ ስለዚህ ሰው እሳቸውን መጠየቅ ትቶ እሷን ይጠይቅ ጀመር። እፊታቸው ቆሞ «ይበላሉ?» «ይሰማሉ?» ይላል። እሷም ትመልሳለች። ሱሪያቸው እየሰፋ ሲሄድ ጭኑ ላይ አጠበበችላቸው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሰፋ፤ እንደገና አጠበበች። ሰው ሲከሳና ሲወፍር ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ነው። የጨርቅ ሜትሯ በእጇ ነበር፤ የአባቷም ጭን በሜትሩ ውስጥ ነበር። እሷ ግን ያየችው ሱሪውን ነው።

«እርጅና ነው» አለች ባለሱቋ። ልብስ ሰፊዋም እርጅና ነው አለች። ይህ ቃል ምቹ ነው። ከሱ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይተርፍም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የግቢው ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሥሩ ባልዲ አስቀምጣለች። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሌላው የቤት ሰው ለምዶት አይሰማውም። አባትየው ግን ይሰማሉ። አንድ ሁለቴ የቧንቧው የውስጥ ጎማ አልቋል፣ መቀየር ነው፣ ቀላል ነው ብለው ነበር። ልጃቸው እርስዎ አይጨነቁ፣ ሰው እጠራለሁ አለቻቸው። የተጠራው ሰውዬ ነገ እመጣለሁ እያለ ቀረ። የቧንቧ ሠራተኛ ባለበት ቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከረመ።

አንድ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ የተሠራ ቀሚስ ለማድረስ ወጣ አለች። ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። አባቷ በመስኮቱና በበሩ መካከል ወለሉ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው። አንድ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቷል። አልጮሁም፤ አልተጣሩም። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ባለሱቋ ሚዛኗን ትታ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ልብስ ሰፊዋ ራሷን እየመታች የምትለው አንድ ነገር ነበር። ለምን ብቻቸውን ተውኳቸው ነው የምትለው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሙ አጥንታቸውን ራጅ አስነሥቶ አየ። አልተሰበረም አለ። ልብስ ሰፊዋ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ሐኪሙ ግን አብሯት አልተደሰተም። ጭናቸውን በሁለት ጣቱ ይዞ ለካና፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው የእንቅስቃሴ ሕክምና ክፍል ላካቸው።

ኮሪደሩ በአረጋውያን ተሞልቷል። አግዳሚው ወንበር አልበቃ ብሎ ግድግዳ የተደገፉ አሉ። በየሽማግሌው አጠገብ አንድ ልጅ ወይም አንዲት ምራት ቆማለች፤ የሚናገሩትም እነሱ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያህል ሰው ባንድ ላይ አርጅቶ አይታ አታውቅም።

የክፍሉ ባለሙያ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች ሴት ናት። ጡረታዋ የቀረበ ነው። አባትየውን ተገፍተው ከመጡበት ባለጎማ ወንበር ወደ ተራ የእንጨት ወንበር አዛወረቻቸውና ልብስ ሰፊዋን በቀን ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ። «ጣታቸውን አያነሡም።»

«ጫማቸውን ማን ያደርጋል?»

«እኔ እያለሁ እሳቸው?»

«ሱሪያቸውን አጥብበሽዋል መሰለኝ። ስፌቱ አዲስ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን አየች። ሁለቱንም የስፌት መስመር፣ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን፣ አየች። ፊቷ ጋለ።

ባለሙያዋ አልተቆጣቻትም። የሰው እግር ካልተጠቀሙበት እንደሚጠፋ፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ለመጥፋት ብዙ ጊዜ እንደማይፈጅበት ነገረቻት። አባቷን የጣላቸው መነሣታቸው ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው መቀመጣቸው መሆኑን ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ሰማች፤ ሆዷ ግን አልተቀበለውም። ወንበሩን እንዴት አድርጋ እንደለበጠችው ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ባለሙያዋ ግን ፊቷን ወደ አባትየው አዞረች።

«አባቴ፣ እርስዎስ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?»

«እሳቸውማ…» ብላ ልብስ ሰፊዋ ጀመረች።

ባለሙያዋ እጇን አነሣች። ልብስ ሰፊዋ ዝም አለች። በኮሪደሩ ሰው ያስላል፤ በር ይዘጋል። አባትየው ጉልበታቸውን እያዩ ቆዩ። መልስ የሚጠብቅ ሰው ካጋጠማቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«ያ ቧንቧ ይንጠባጠባል» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ እጃቸው የተዘረጋው ወደየት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ወደ በሩ ነበር። ወደ ቧንቧው።

ባለሙያዋ የሙያቸውን ነገር ጠየቀችና አወቀች። ሥራዋን እየሠራች፣ ቁርጭምጭሚታቸውን እያንቀሳቀሰች ነው የምታወራው። ድሮ እዚህ ዕድሜ ላይ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነበር አለች። አሁን በየአገሩ የሚያረጅ ሰው እየበዛ ነው፤ ነገም ከዛሬ ይበዛል። ይህ መልካም ወሬ ነው። ሕክምናውና ንጹሑ ውሃ ያመጣው ነው።

«እርስዎ የዘረጉትም ቧንቧ አለበት» አለቻቸው። «ችግሩ ሌላ ነው። ሰውን ዕድሜ እንዲጠግብ ማድረግ ተማርን፤ በጠገበው ዕድሜ ምን እንደሚሠራበት ግን ገና አላሰብንም። ወንበር እንሰጠዋለን፤ በቃ።»

ከዚያ ለልብስ ሰፊዋ ሥራ ሰጠቻት። ከወንበር መነሣትና መቀመጥን፣ ግድግዳ ይዞ መቆምን አሳየቻት። ምንጣፎቹን ከመተላለፊያው አንሺ፤ መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት አስገቢ፤ ዓይናቸውንም አስመርምሪ አለቻት። ልትወጣ ስትል መልሳ ጠራቻት።

«ከሁሉ የሚከብድሽን አልነገርኩሽም። ሲነሡ አጠገባቸው ቁሚ። ሊወድቁ ከሆነ ያዢ። ካልወደቁ ግን እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊና ጠብቂ። ቢዘገዩም ጠብቂ።»

ቀላል ነገር ይመስላል። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ ስትሞክረው ነው ክብደቱን ያየችው። አባቷ የወንበሩን ክንድ ይዘው ሲነሡ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግማሽ ይደርሱና መልሰው ይቀመጣሉ። እጇ ሳታዝዘው ይሄዳል። ስለዚህ ከጀርባዋ አንዱን በሌላው ትይዘዋለች። ባሏ ከሥራ ሲገባ እንዲህ ሆና አገኛት።

«ምን አጥፍተሽ ነው የታሰርሽው?» አላት።

«ዝም በል፣ እየጠበቅሁ ነው።»

«ጋሼ፣ ይቺን ሴት ቶሎ ይነሡና ያስፈቱልኝ።»

አባትየው ሳቁ። ሲስቁ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተቀመጡ። እንደገና ሞከሩ። ተነሡ።

መያዣ ብረቱን የተከለው ባሏ ነው። ብረቱ የአባትየው የራሳቸው ነበር። ከሥራ የተረፈ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ነው፤ ባሏ ከድሮ ቤታቸው ያመጣው። ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ ደጁ፣ ከደጁም በግቢው ግድግዳ ላይ ተዘረጋ። አባትየው ወንበራቸውን አስወጥተው ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ፣ አጋማሽ ላይ ድጋፍ ጨምር ይላሉ። ሹፌሩ ሁለቴ ነቅሎ ሁለቴ ተከለው። ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን ከተናገሩ ወራት አልፈው ነበር። ስፖንጁ ያሰምጣል ተብሎ ልብስ ሰፊዋ የወንበሩን መቀመጫ ፈትታ በጠንካራ ሰሌዳ ለወጠችው። መቀሱን ጨርቁ ላይ ስታሳርፍ ግን ትንሽ አለቀሰች።

ወሬው መንገዱን ለመሻገር አልቆየም። ባለሱቋ በመስኮት ታያለች። ሽማግሌው ጫማቸውን ለማሰር ሲታገሉ፣ ልጃቸው እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማ ስታያቸው አየች። ሌላ ቀን ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከማጀት ወደ ሳሎን ሲመጡ፣ ግማሹን ወለሉ ላይ ሲያፈሱት አየች። ለሱቅ ገበያተኛ ሁሉ ነገረች። መጦር ሰለቻት ተባለ። አባቷን ሥራ አስገባቻቸው ተባለ። አንዲት የቆየች ደንበኛ የመጨረሻውን ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ሰው ሽማግሌውን አይቶ ምን ይላል ብላ ጠየቀቻት።

ልብስ ሰፊዋ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሐሜት የሚያስፈራው ከፊሉ እውነት ሲመስል ነው። በእርግጥስ ሰልችቷት ቢሆን? በእርግጥስ አባቷን ማንከራተቷ ቢሆን? ጠዋት ሲነጋ ቆርጣ ተነሣች። ከአባቷ እግር ሥር ተንበረከከችና ጫማቸውን አንሥታ እግራቸውን ያዘች።

አባትየው እግራቸውን ሳብ አደረጉ።

«ምን ሆነሻል?» አሉ።

ሰው ምን እንደሚል ነገረቻቸው። ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። አባቷ ሰሟት። ከዚያ ጫማውን ከእጇ ወሰዱ።

«አንቺ ትንሽ ሆነሽ ጫማሽን ራሴ ካላደረግሁ ብለሽ ታለቅሺ ነበር። በግራ እግርሽ የቀኙን ታደርጊ ነበር። እናትሽ ተያት፣ ትልመደው ትለኝ ነበር። ሥራ እየረፈደብኝ ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቅሽ ነበር» አሉ። ጫማውን አደረጉ። ማሰሪያውን ለመቋጠር ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። «ያኔ ሰው ምን ይላል አላልኩም» አሉ ሲጨርሱ።

እሷ ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ባለሱቋ ብታይም መስኮቱን በመጋረጃ አልሸፈነችውም።

ቧንቧውን ለመሥራት የተነሡት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሏ የሥራ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው፤ አቧራው ተጠረገ። አባትየው መፍቻውን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን አንድ በአንድ እያነሡ አዩአቸው። ሹፌሩ ቆጣሪው ጋ ሄዶ ውሃውን ዘጋና ሥራው ስለደረሰበት ወጣ። አባትየው መፍቻውን ኪሳቸው ከተው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የግድግዳውን ብረት ይዘው ወደ ግቢው ጥግ ጉዞ ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ጎን ለጎን ትሄዳለች፤ እጇ ከኋላዋ ነው።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ባለሱቋ ከሱቋ ደጃፍ ቆማለች። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ጎረቤቶችም ባልዲያቸውን አስቀምጠው ያያሉ። ብረቱ ከቧንቧው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያበቃል። ግድግዳው እዚያ ላይ ይቋረጣልና ከዚያ በላይ መዘርጋት አልተቻለም። አባትየው እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ብረቱን ለቀቁ። አንድ እግራቸውን አነሡ። ከዘራው እርጥብ ድንጋይ ላይ ሸተት አለ።

«ያዣቸው እንጂ!» ብላ ባለሱቋ ጮኸች። «ሰው አይደለሽም?»

ልብስ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ከጀርባዋ የተያያዙት እጆቿ ተላቀው ከወገባቸው አጠገብ ደረሱ። ግን አልነካቻቸውም። ፊታቸውን አየች። ፍርሃት አላየችበትም፤ ያየችው አንድ ነገር የሚያሰላ ሰው ፊት ነው። ቱቦ ከማጠፉ በፊት የሚያስብ ሰው ፊት። ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ጠፍቶባት ነበር። እጆቿን መለሰቻቸው። አባትየው ከዘራውን ደረቁ ቦታ ላይ አዛወሩት፣ ተደገፉት፣ ተራመዱ፣ የቧንቧውን አንገት ያዙ።

ግቢው ውስጥ የተነፈሰ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ተነፈሰ።

ሥራው ቶሎ አላለቀላቸውም። ወጣት እያሉ ሻይ ሳይበርድ የሚጨርሱት ነገር እስከ እኩለ ቀን ወሰደ። ጣታቸው አልያዝ ብሎ አሮጌው ጎማ ወደቀና ልጃቸው አነሣችው፤ ያን ያህሉ ተፈቅዶላታል። አዲሱን አስገብተው ውሃው ሲከፈት ቧንቧው በጎን ተፋና አባትና ልጅን አራሰ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። አባትየውም እየሳቁ ጠማማ መግባቱን ተናገሩ። ተዘጋ፤ ተፈታ፤ እንደገና ገባ። ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት ውሃው በአፉ ብቻ ወረደ። ዘጉት። ሁሉም ጆሮውን አቀና። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«አሁን ልቀመጥ» አሉ አባትየው። «አሁን ደክሞኛል።»

ወደ ወንበሩ ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ያዙት። ሲፈልጉ መያዝ ሌላ ነው። በዚያ ወንበር እንደዚያ ቀን ጣፍጧቸው ተቀምጠው አያውቁም።

ጎረምሳ ሆኑ አልልም። ከዘራው አልቀረም፤ ዓይናቸውም አንዱ ደከም ያለ ነው። ክፉ ቀን አለ፤ ከአልጋ የማይነሡበት። ነገር ግን ቀኑን ይጠይቃሉ። ቅዳሜ ሰው ይመጣባቸዋል፤ የሚያፈስ ቧንቧ ያለው ሁሉ ይዞት ይመጣል ወይም ይጠይቃቸዋል። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን ሱሪያቸውን ስትተኩስ ጭኑ ላይ ጨርቁ ተወጥሮ አየችው። መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ሁለተኛውን የስፌት መስመር ፈታችው። የመጀመሪያው ገና ይቆያል።

ባለሱቋ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ነበር። ልብስ ሰፊዋም አላስቸገረቻትም። አንድ ቀን ክር ልትገዛ መንገዱን ተሻገረች። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰልፍ አለ፤ ሰው ያጉረመርማል። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ አየች።

ከጓሮ ክፍል አሮጊቷ እናት ወጥተዋል። ከሚዛኑ ኋላ ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠው ስኳር ይመዝናሉ። ማንኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ትንሽ ይጨምራሉ፤ ሚዛኑን ያያሉ፤ ትንሽ ይቀንሳሉ። ጠረጴዛው ላይ ስኳር ተበትኗል። የቀን ብርሃን ስላላየው ፊታቸው ነጣ ብሏል፤ ጉንጫቸው ግን ቀልቷል።

«እኛስ ሊመሽብን ነው» አለ ከሰልፉ አንድ ሰው። «አንቺ አትመዝኚም?»

ባለሱቋ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ልብስ ሰፊዋን አየቻትና ዓይኗን ሰበር አደረገች።

«ጠብቅ» አለችው ሰውየውን። «እናቴ እየመዘነች ነው።»

እጆቿ ከጀርባዋ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይዞታል። ልብስ ሰፊዋ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ወንበር አለ፤ ከሌለም እየመጣ ነው። ዕድሜ ከሰጠን እኛም እንቀመጥበታለን። ወላጅን መጦር ግዴታችን ነው፤ ይህን ማንም አይወስድብንም። ግን ከመሮጣችን በፊት እንጠይቃቸው፤ ጠይቀንም መልሱን ከአፋቸው እንጠብቅ። ቢዘገዩም እንጠብቅ።